የግድግዳ ሥዕል

ብዙዎቻችን ፊደል ሳንቆጥር የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ማንበብ እናውቅ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ እንለየዋለን። ሙሉ ፊቱና ሁለት ዓይኑ የሚታየው ደግ፣ በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ክፉ መሆኑንም ከአባቶቻችን ሰምተናል። ይህ የግድግዳ ሥዕል ይባላል።

ቃሉ ከየት መጣ? «ሠዐለ» ከሚለው የግእዝ ቃል ነው። ሳለ ማለት ነው። የሚስለውም ሰው ሠዓሊ ይባላል። የሚጻፈው በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ ነው።

ይህን የሚመስል ሌላ ቃል አለ፤ «ሰአለ» ይባላል። እሱ ደግሞ በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ይጻፋል። ለመነ ማለት ነው። ስለት የምንለው ከዚህ የመጣ ነው፤ በመጽሐፍ «ስእለት» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ ባፍ ሲነገሩ አንድ ይመስላሉ፤ ሲጻፉ ግን ይለያያሉ።

ግድግዳው ላይ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ። ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ወድቆ ሲለምን ይሳላል። ካጠገቡም ስሙና «ተማኅፀነ» የሚል ቃል ይጻፋል። ተማጠነ ማለት ነው። ዱሮ ይህን የሚያነብልን ቄሱ ነበር። ዛሬ እኛው ልናነበው እንችላለን።

ሥዕሉ እንዴት ይሠራል? በጎንደርና በጣና ዙሪያ ብዙውን ጊዜ የጥጥ ጨርቅ በግድግዳው ላይ በማጣበቂያ ይለጠፋል። ቀለሙ የሚያርፈው በጨርቁ ላይ ነው። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ የግድግዳ ሥዕሎችም በጨርቅ ላይ የተሠሩ ናቸው። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማውን ሲያቃጥሉ ተርፏል።

ከእሳት የተረፈ ሥዕል ግን በውሃ ሊጠፋ ይችላል። ጣሪያ ሲያፈስ ግድግዳው ይርሳል፤ ማጣበቂያው ይለቃል፤ ጨርቁም ተገንጥሎ ይወድቃል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን እንጠግን። ጧፍ ከሥዕሉ ሥር አናብራ፤ ጭሱ ያጠቁረዋል። በእጃችንም አንነካካው። ሥዕሉ ቢደበዝዝ እንኳ ባለሙያ ሳያየው በላዩ አዲስ ቀለም አይቀባ። ቀለም የሸፈነውን ስም ማን ያነበዋል?

እኛ ዛሬ ያነበብነውን ስም ልጆቻችንም እንዲያነቡት ማቆየት የኛ ፋንታ ነው።