ሰው ግቢ መግባት መቼ ወንጀል ይሆናል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን፣ ባለይዞታው ሳይፈቅድ፣ ወደ ሰው ቤት ወይም ወደ ታጠረ ግቢ መግባትን ያስቀጣል። በፈቃድ ገብቶ «ውጣ» ሲባል እንቢ ማለትም እንዲሁ ነው።

በቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ግቢ አንድ ሰው ተያዘ እንበል። ክሱ «ሰው ግቢ ገብቷል» ብቻ ካለ አይበቃም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 111 እና 112 ክሱ ጊዜውን፣ ቦታውን፣ የተጣሰውን አንቀጽና የድርጊቱን ዝርዝር እንዲይዝ ያዛሉ፤ ተከሳሹ ለየትኛው ድርጊት እንደሚመልስ በትክክል ማወቅ አለበትና። ግቢው ታጥሮ ነበር? ባለይዞታው ማን ነው? መግባት መከልከሉን ተከሳሹ ያውቅ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ከድርጊቱ ሌላ የሐሳብ ክፍልም እንዲሟላ ስለሚጠይቅ፣ በሩ ክፍት ሆኖ መንገድ ለመጠየቅ የገባን ሰው ወንጀለኛ ማድረግ ፍትሕ አይሆንም።

ክሱ ጉድለት ካለበት ተከሳሹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 130 መሠረት መቃወሚያ ያቀርባል። ክሱ በወረቀት ተሟልቶ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ግን ካላስረዳ፣ በአንቀጽ 141 መሠረት መከላከያ ሳይጠየቅ በነፃ ይሰናበታል።

የእርሻ ድንበር መግፋት ከዚህ ይለያል። የወንጀል ሕጉ ለእርሱ አንቀጽ 685 አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ደግሞ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይቻላል። ይህ ክስ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።