የስንት ሰዓት መንገድ ነው?

ከመቱ ጎሬ ምን ያህል ይርቃል? ብለን ብንጠይቅ፣ አንዱ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይለናል። ሌላው ደግሞ «ኧረ ምን አላት! ግማሽ ሰዓት ናት» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ የሄደው በእግሩ ነው፤ ሌላው በመኪና። መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው፤ አልረዘመም፣ አላጠረም።

ከመቱ እስከ ጎሬ ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 1 ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር ነው። ማንም ቢሄድበት ርቀቱ አይለወጥም። የሚለዋወጠው ፍጥነት ነው። ፍጥነትን የምናገኘው ርቀቱን ለፈጀው ጊዜ በማካፈል ነው። እግረኛው በ5 ሰዓት ጎሬ ከገባ፣ 25 ለ5 ሲካፈል 5 ይሆናል፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሄደ እንላለን። (መንገድ ላይ አርፎ ቡና ከጠጣ ያም ጊዜ ይቆጠርበታል።) በግማሽ ሰዓት የገባው መኪና ግን ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው።

አቅጣጫም መነገር አለበት። ከመቱ የተነሱ ሁለት መኪናዎች እኩል ቢሮጡም፣ አንዱ ወደ በደሌ፣ ሌላው ወደ ጎሬ ከሆነ የሚደርሱበት ለየቅል ነው።

ይህን ሂሳብ ከሁሉ ይልቅ የምንፈልገው መንገድ ስንሻገር ነው። መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል እንበል። በ1 ደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ሄደ ማለት ነው። አንድ ደቂቃ 60 ሴኮንድ አለው፤ አንዷ ሴኮንድ የአንድ ልብ ምት ያህል ናት። 1,000 ሜትርን ለ60 ስናካፍል፣ መኪናው በየሴኮንዱ ወደ 17 ሜትር ይጋልባል።

እኛስ? 7 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በተለመደው እርምጃ ለመሻገር 5 ሴኮንድ ያህል ይፈጅብናል። ይህም ልጅ ሳናዝል፣ አህያ ሳንነዳ ነው። በዚያ ጊዜ መኪናው ከ80 ሜትር በላይ ይመጣል። ከመቶ እርምጃ በላይ ሩቅ ነው ብለን የናቅነው መኪና እኛ ሳንሻገር ደረሰ ማለት ነው።

ሾፌሩ ቢያየንስ? እግሩን አንስቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ በዚያች ሴኮንድ መኪናው ያንኑ 17 ሜትር ሄዷል። ፍሬን ከተያዘም በኋላ ወዲያው አይቆምም። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን፣ ፍሬን ይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ኢሉባቦር ደግሞ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው፤ በእርጥብ መንገድ ጎማው ስለሚያንሸራትት ከዚህም ይብሳል። መንገዱ ከሚታጠፍበት አጠገብ የምንሻገር ከሆነማ፣ ያንን 80 ሜትር ጨርሶ አናየውም።