ተማሪ ተኮር ማስተማር፤ ከቡድን አቀማመጥ ባሻገር

የመማር ማስተማሩ ሂደት ተማሪ ተኮር እንዲሆን በአገር አቀፍ ደረጃ መነገር ከጀመረ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ተቆጥሯል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ያለመ ሲሆን፣ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ሥነ ዘዴ የሚቀስሙበት የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ተግባራዊ ተደርጓል።

ይሁን እንጂ አሠራሩ በበርካታ ክፍሎች የተተረጎመው ወንበር በማዞርና ተማሪዎችን አንድ ለአምስት በማደራጀት ነው። አንድ ብርቱ ተማሪ ሥራውን ብቻውን ሠርቶ የአምስቱን ስም በመጻፍ የሚያስረክብበት ቡድን ተማሪ ተኮር ሊባል አይችልም። እንዲያውም የቀሪዎቹን አራት ተማሪዎች የመማር ፍላጎት ያዳክማል።

አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ምሁራን ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን እንደሚያስረዱት፣ ሰው በራሱ ተነሳሽነት የሚተጋው የመምረጥ ነፃነት ሲኖረው፣ ሥራውን መወጣት እንደሚችል ሲሰማውና ከሌሎች ጋር ያለው ትስስር ሲጠናከር ነው። በምደባ ወደማያውቀው ከተማ፣ አንዳንዴም ወዳልመረጠው የትምህርት ክፍል የሚገባ ተማሪ ሦስቱም ጎድለውበት ትምህርቱን ሊጀምር ይችላል። በ2010 ዓ.ም ተማሪ መቀበል የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ አዳዲስ ተቋማትን የሚመለከተው ጥያቄም ይኸው ነው።

ለዚህ የሚሆን የትምህርት ግብዓት በአዊ ዞን ሩቅ አይደለም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው አርሶ አደሮች ለከሰል ምርት የሚያለሙት የዲከረንስ ዛፍ ለአፈር፣ ለገበያና ለኑሮ ያለው ፋይዳ የምጣኔ ሀብትም የእጽዋት ሳይንስም ጥያቄ ነው። በቅርብ ዓመታት ዛፉን ያጠቃው በሽታ ደግሞ የብዙ ቤተሰቦችን ገቢ የሚነካ በመሆኑ ጥያቄውን ይበልጥ አንገብጋቢ ያደርገዋል። በዳንግላ ወረዳ በእጅ በተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚለማው አትክልት ለውኃ ምህንድስና ተማሪ፣ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረው የዘንገና ሐይቅም ለሥነ ምድር ተማሪ ሕያው ቤተ ሙከራ ናቸው። የጉድጓዱን የውኃ መጠን በየወሩ ራሱ የለካ ተማሪ የሚያቀርበው ቁጥር የራሱ ነው፤ ከጓደኛው ሊገለብጠው አይችልም።

ተከታታይ ምዘናም ቢሆን ውጤቱ በጊዜው ከእርማት ጋር ካልተመለሰ ተደጋጋሚ ፈተና ከመሆን አያልፍም። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የመውጫ ፈተና በበኩሉ መምህራን ይዘት ለመሸፈን ሲሉ ወደ ገለጻ እንዲመለሱ ሊገፋፋ ይችላል። በሌላ በኩል በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ በቀጥታ ወደ መደበኛ ትምህርት የሚገቡ ተማሪዎች ቁጥር ቀንሷል። አሳዛኝ ቢሆንም፣ አነስተኛ ተማሪ ያለው ክፍል መምህሩ የእያንዳንዱን ሥራ እንዲያይ ዕድል ይሰጣል።

ዕድሉ ጥቅም ላይ መዋሉ በመምህሩ ትጋት ብቻ የሚወሰን አይደለም። የትምህርት ክፍል ምርጫ፣ የክፍል ድልድልና የመምህሩ የሥራ ጫና የሚወሰኑት በአስተዳደር ነው። የጸጥታው ሁኔታ በሚፈቅድበት ወቅት እንኳን ለመስክ ሥራ የሚያስፈልገው ተሽከርካሪና ነዳጅ በበጀት ዓመቱ ዕቅድ ካልተያዘ፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳውና ወደ አሮጌው ማስታወሻው መመለሱ አይቀርም።