ለተሸነፈ አንድ ነጥብ፣ ለቀረ ግን ዜሮ
(የቅርጫት ኳስ ቡድን ለዓለም ውድድር የሚደርሰው እንዴት ነው?)

በቅርጫት ኳሱ ሜዳ ዳር ተሰብስበን ስንመለከት ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። «አገራችን በዓለም ውድድር ላይ የማትታየው ስለ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አንደኛው ወገን «ቁመት የለንም» ይላል፤ ሁለተኛው «ዕድሉን አይሰጡንም» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እግር ኳሱስ መቼ ሆነልን!» ብሎ ነገሩን በሣቅ ያልፈዋል። እኛ እንደሚመስለን ሦስቱም ወገኖች የሚከራከሩት አንድ ነገር ሳይመረምሩ ነው። ይኸውም አንድ ቡድን ከአገሩ ተነሥቶ እስከ ዓለም ዋንጫ የሚሄድበት መንገድ ራሱ ምን እንደሚመስል ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ በተቻለን መጠን ለጓደኞቻችን ለመግለጽ ብዕራችንን አንሥተናል። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከምናውቀው ቦታ እንጀምር። እኛ የእስቴ ልጆች ነን። በመካነ ኢየሱስ በገና ዕለት የላይኛው ሰፈር ከታችኛው ሰፈር ጋር ዱላውን ይዞ ሲገጥም ማጣሪያ የሚባል ነገር የለም። የመጣ ሁሉ ይገባል፤ ተጫዋቹ እንኳ በትክክል አይቈጠርም። ውድድሩ ከሰፈር ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእስቴ ምርጥ ቡድን ወደ ደብረ ታቦር ሄዶ ከሌሎቹ የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ጋር ይጫወታል፤ ዞኑ ደግሞ በክልሉ ጨዋታዎች ላይ፣ ክልሉም በመላው ኢትዮጵያ ጨዋታዎች ላይ ይወከላል። በየደረጃው ብዙዎቹ ይመለሳሉ፣ ጥቂቶች ያልፋሉ። ማጣሪያ ማለት ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ ብዙ፣ ሜዳውና ገንዘቡ ጥቂት ስለሆነ የተፈጠረ ዘዴ ነው።

ከአገር ውጭ ያለው መሰላልም በዚሁ ዓይነት የተሠራ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ያሸነፈው ወረዳ ወይም ክልል ሳይሆን፣ የአገሩ ፌዴሬሽን መርጦ የሚያቆመው የ12 ሰዎች ብሔራዊ ቡድን ነው። የዓለሙ የበላይ ማኅበር ፊባ ይባላል። በ1932 በጄኔቭ ከተማ በስምንት አገሮች የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ ከ200 በላይ የሆኑ ብሔራዊ ፌዴሬሽኖችን ይዟል። አገራችን የገባችው በ1949 ነው፤ ከአፍሪካ ቀደምት ከሆኑት አባሎች አንዷ ናት ማለት ነው። ፊባ ዓለምን በአምስት ይከፍላል፤ አፍሪካንም እንደገና በዞኖች ይከፍላታል። እኛ የምንገኘው ከግብጽ፣ ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከሩዋንዳና ከሌሎች ጎረቤቶቻችን ጋር በዞን አምስት ነው።

ወደ አንድ ትልቅ ውድድር የሚያስገቡ በሮች ጥቂት ናቸው። ይህን ለመረዳት ሁላችንም ከምናውቀው ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በ1962 በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ የእግር ኳስ ዋንጫ አራት ቡድኖች ነበሩ። ኢትዮጵያ የገባችው አዘጋጅ ስለሆነች ነው፤ ግብጽ (በጊዜው የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል ነበር) የገባችው የቀድሞው ዋንጫ ባለቤት ስለሆነች ነው፤ ዩጋንዳና ቱኒዚያ ግን በማጣሪያ ተጫውተው አሸንፈው መጡ። አዘጋጅነት፣ የዋንጫ ባለቤትነትና ማጣሪያ፣ ሦስቱ በሮች እነዚህ ናቸው። ቡድናችን በፍጻሜው ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ማስቀረቱን ለማንም መንገር አያስፈልግም።

አራተኛም በር አለ፤ ሌላው ሲቀር የሚከፈት በር ነው። በ1957 በካርቱም በተደረገው በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ከደቡብ አፍሪካ ጋር እንድንገጥም ዕጣ ወጥቶ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ እኛም አንድ ጨዋታ ሳንጫወት ለፍጻሜ ደረስን። በፍጻሜው በግብጽ 4 ለ 0 መሸነፋችን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን አራተኛ በር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ታች ስንወርድ ያስፈልገናል።

ወደ ቅርጫት ኳሱ እንመለስ። የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የተደረገው በዚያው በ1962 በካይሮ ነው። የተካፈሉት አገሮች አምስት ብቻ ነበሩ፤ ከአምስቱም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ዛሬ ግን በዚያው ሻምፒዮና 16 ቡድኖች ይገባሉ፤ ከዚያ በፊትም በየዞኑ ማጣሪያ አለ። መሰላሉ በረዘመ ቍጥር፣ ከታችኛው እርከን ላይ ያልቆመ ቡድን ከላይኛው እየራቀ ይሄዳል።

የዓለም ዋንጫው ከ2019 ወዲህ 32 ቡድኖችን ይቀበላል። በ2023 ፊሊፒንስ፣ ጃፓንና ኢንዶኔዥያ አንድ ላይ ባዘጋጁት ውድድር ለአውሮፓ 12፣ ለእስያና ለኦሺኒያ (አዘጋጆቹን ጨምሮ) 8፣ ለአሜሪካ አህጉር 7፣ ለአፍሪካ 5 ቦታ ተሰጥቶ ነበር። የሚገርመው ግን ከአዘጋጆቹ አንዷ ኢንዶኔዥያ ራሷ አለመጫወቷ ነው። በእስያ ዋንጫ እስከ ስምንተኛው ደረጃ እንድትደርስ በቅድሚያ ተነግሯት ነበርና፣ ይህን ስላልፈጸመች በገዛ አዳራሽዋ የሌሎችን ጨዋታ ተመለከተች። የአዘጋጅነት በርም ሁልጊዜ ወለል ብሎ የተከፈተ አይደለም።

የአፍሪካ አምስት ቦታዎች እንዴት ተሞሉ? በ2021 በአፍሪካ ሻምፒዮና የተካፈሉት 16 ቡድኖች በዕጣ በአራት ምድብ ተከፈሉ። በየምድቡ እያንዳንዱ ቡድን ከሦስቱ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ ተጫወተ። ከየምድቡ የመጨረሻው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ የቀሩት 12 በሁለት ምድብ ተከፍለው፣ የቀድሞ ውጤታቸውን ይዘው፣ ሌላ ስድስት ጨዋታ ተጫወቱ። ከሁለቱ ምድቦች አንደኛና ሁለተኛ የወጡት፣ ከሦስተኞቹም የተሻለው አለፉ። ስለዚህ ከ12 ጨዋታ በኋላ አምስት ቀሩ ማለት ነው። ያለፉት አንጎላ፣ ግብጽ፣ ኮት ዲቯር፣ ኬፕ ቬርድና ደቡብ ሱዳን ናቸው። ኬፕ ቬርድ ሕዝቧ 600 ሺ እንኳ የማይሞላ የደሴቶች አገር ናት። «ብዙ ሕዝብ አለን» እያልን ለምንመካ ሰዎች ይህ አኀዝ ትንሽ የሚያሳስብ ነው።

የነጥቡ አቈጣጠር ከእግር ኳስ ይለያል። በቅርጫት ኳስ እኩል መውጣት የለም፤ እኩል ከሆኑ አምስት አምስት ደቂቃ እየተጨመረ አሸናፊው እስኪለይ ይጫወታሉ። ላሸነፈ ሁለት ነጥብ ይሰጣል። ለተሸነፈም አንድ ነጥብ ይሰጣል! ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሰማ «ለመሸነፍም ደሞዝ አለው እንዴ?» ብለን ሥቀን ነበር። ነገር ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዜሮ የሚሰጠው ሜዳው ላይ ሳይገኝ ለቀረ፣ ወይም አልጫወትም ላለ ቡድን ነው፤ በጨዋታውም ወረቀት ላይ 20 ለ 0 ተሸነፈ ተብሎ ይጻፍበታል። እንግዲህ ሕጉ በተሸነፈና በቀረ መካከል ልዩነት ያደርጋል ማለት ነው። የአገሮች የደረጃ ሰንጠረዥም የሚሠራው በስምንት ዓመት ውስጥ ከተደረጉ ጨዋታዎች ውጤት ነውና፣ የማይጫወት አገር ከዓመት ወደ ዓመት ይወርዳል፤ ዕጣም ሲወጣ ከጠንካሮቹ ጋር ይመደባል።

አሁን ያንን አራተኛ በር እናስታውስ። ደቡብ ሱዳን ነጻ የወጣችው በ2011 ነው፤ ፊባ የገባችው በ2013 ነው። በጥር 2020 በናይሮቢ በተደረገው የዞን አምስት ቅድመ ማጣሪያ በኬንያ ተሸንፋ ቀረች። ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስል ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን አልጄሪያ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከማጣሪያው ስትወጣ ቦታዋ ለደቡብ ሱዳን ተሰጠ። ቡድኑ ተዘጋጅቶ ስለነበረ ገባ፤ ለ2021 ሻምፒዮና አለፈ፤ በዚያም ለሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ከላይ እንደ ገለጽነው በዚያ ሻምፒዮና የተካፈለ ሁሉ ለዓለም ዋንጫው ማጣሪያ ይገባ ነበርና፣ ደቡብ ሱዳን ከ12 ጨዋታ 11 አሸንፋ ወደ ዓለም ዋንጫ ሄደች። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱም በጁባ አልተደረገም፤ ለዚህ የሚበቃ አዳራሽ በከተማው አልነበረምና።

በዓለም ዋንጫው ቻይናን 89 ለ 69፣ አንጎላን 101 ለ 78 አሸነፈች፤ ከአፍሪካ ቡድኖችም የተሻለውን ውጤት አገኘች። ይህ ደግሞ ሌላ በር ከፈተላት። በኦሊምፒክ የሚጫወቱት 12 ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ አንዱ አዘጋጁ፣ ሰባቱ ከዓለም ዋንጫው በቀጥታ የሚያልፉ፣ አራቱ በልዩ ማጣሪያ የሚገቡ ናቸው። ከሰባቱ አንዱ የአፍሪካ ቦታ ነው። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ደቡብ ሱዳን ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸንፋለች። ከአንድ ዓመት በፊት በዓለም ዋንጫው በተጨማሪ ሰዓት ያሸነፋቻት ይህችው ፖርቶ ሪኮ ነበረች።

ይህ ሁሉ ያለ ሰው የተሠራ አይደለም። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሉዎል ዴንግ በልጅነቱ በግብጽ ስደተኛ የነበረ፣ ኋላም በአሜሪካ ታላቁ ሊግ የተጫወተ ሰው ነው። ለቡድኑ ወጪ ከራሱ ኪስ ጭምር አውጥቷል። በየአገሩ የተበተኑትን ልጆች ሰብስቧል። ቁመት የለንም ለሚሉት ወገኖች ግን አንድ ጥያቄ አለን። ኑዌሩና አኙዋው በድንበሩ ወዲያም ወዲህም የሚኖር ሕዝብ አይደለምን? በቁመት ረገድ ከጋምቤላ ወዲያ ያለው ከጋምቤላ ወዲህ የሌለ ምንድን ነው?

በሜዳ የተገኘው በጽሕፈት ቤት ሊጠፋ እንደሚችልም ማወቅ ይገባል። የናይጄሪያ ሴቶች የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነው ለ2022 የዓለም ዋንጫ አልፈው ነበር። መንግሥታቸው በፌዴሬሽኑ ውስጥ በተነሣው ጠብ ምክንያት አገሪቱን ከዓለም አቀፍ የቅርጫት ኳስ ለሁለት ዓመት አወጣሁ አለ፤ ወዲያውም ሐሳቡን ቢለውጥ ጊዜው አልፎ ነበርና ቦታቸው ለማሊ ተሰጠ። እኛም ብንሆን የራሳችን ትዝታ አለን። በሰኔ 2013 ለዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፈን፣ ቀጥሎም ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸንፈን በየመንገዱ ጨፈርን። ጭፈራው ሳያባራ፣ በቦትስዋናው ጨዋታ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች መሰለፉ ተሰማ፤ ሦስቱ ነጥብ ተወሰደብን። ደግነቱ በመስከረም መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ምድቡን ጨረስን፤ የቀረውን ናይጄሪያ ጨረሰችው። የታገደ ሰው ስም የሚገኘው በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ ያንን ወረቀት የሚያነብ ሰው የቡድኑ አባል መሆኑ አይታወቅም እንጂ ከግብ ጠባቂው አያንስም።

ስለ ወረቀት ካነሣን ዘንድ ብዙ ጓደኞቻችን የሚያቀርቡትን ሐሳብ ሳንመረምር ማለፍ አይገባንም። «በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉትን የኢትዮጵያውያን ልጆች ሰብስበን እንደ ደቡብ ሱዳን ብናደርግስ?» ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የፊባ ሕግ ለብሔራዊ ቡድን የሚጫወት ሁሉ የዚያ አገር ዜጋ እንዲሆን ያዛል። ከዚህም በላይ ዜግነቱን ከ16 ዓመቱ በኋላ ያገኘ ተጫዋች በአንድ ቡድን ውስጥ ከአንድ በላይ ሊሰለፍ አይችልም። የደቡብ ሱዳን ሕግ ሁለት ዜግነት ይፈቅዳል፤ በሜልበርን ወይም በአሜሪካ ያደገው ልጅ የዚያን አገር ፓስፖርት ሳይመልስ የአባቱንም ይይዛል። የእኛ የዜግነት አዋጅ (ቍጥር 378/1996 ዓ.ም.) ግን የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደ ተወ ይቈጥረዋል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ፣ የእግር ኳሱን ዓይነት አይደለም፣ አገር ቤት ለመኖርና ለመሥራት ያገለግላል እንጂ የዜግነት ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ በዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ አንድ ጐበዝ ለእኛ ቡድን መጫወት ቢፈልግ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሜዳ ሳይሆን ወደ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። እዚያም የያዘውን ፓስፖርት መልሶ የእኛን ቢወስድ፣ ዕድሜው ከ16 ያለፈ ከሆነ ከ12ቱ ቦታ ያችን አንዷን ነው የሚይዛት፤ የቀሩት 11 ልጆች ከደብረ ታቦር፣ ከሐዋሳ፣ ከጋምቤላ፣ ከአዲስ አበባ መምጣት ይኖርባቸዋል።