ያገለገለ ፈጣን መኪና መግዛትና የሚያስከትለው ሥጋት

በአውሮፓና በአሜሪካ የመኪና ገበያ ውስጥ የገዢን ልብ እንደ አሮጌ የስፖርት መኪና የሚያማልል ዕቃ ጥቂት ነው። ከፋብሪካ ወጥቶ ለመጀመሪያ ባለቤቱ ሲረከብ ባለጸጋ ብቻ ይደርስበት የነበረው መኪና፣ አሥር አሥራ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ሊከፍለው በሚችል ዋጋ ለሽያጭ ቀርቦ ይገኛል። ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ወንበሩ ቆዳ የለበሰ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣም ድምፁ ያስደስታል። ገዢው ይህን ያህል መኪና በዚህ ዋጋ ማግኘቱ እንደ ዕድል ይታየዋል።

ዳሩ ግን የወረደው የመኪናው ዋጋ እንጂ የመለዋወጫው ዋጋ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ አዲስ ሳለ አንድ መቶ ሺህ ዶላር የተሸጠ መኪና ከጊዜ በኋላ በሃያ ሺህ ቢገዛ፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑና ሞተሩ ሲጠገኑ የሚጠይቁት ወጪ የመቶ ሺህ ዶላር መኪና ወጪ ነው። ፋብሪካው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ባለቤት አዝኖ ዋጋ አይቀንስም። ከዚህም የተነሣ አንድ ከባድ ብልሽት ብቻውን የመኪናውን ጠቅላላ ዋጋ የሚያህል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ዕዳ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ያገለገለ ፈጣን መኪና የሚገዛ ሰው በአንድ ክፍያ ሁለት ነገር ይገዛል። አንደኛው በዐይኑ የሚያየው መኪና ነው፤ ሁለተኛው ከእርሱ በፊት የነበሩት ባለቤቶች መኪናውን የያዙበት ልማድ ነው። ለመጀመሪያው ዋጋ ተቆርጦለታል። ሁለተኛውን ግን መርምሮ ዋጋ ማውጣት የገዢው ፈንታ ነው።

የአንዲት ኩሽኔታ ታሪክ

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጀርመኑ የፖርሼ ኩባንያ ከሠራቸው መኪናዎች በአንዳንዶቹ ላይ የደረሰው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኩባንያው በ1996 ቦክስተር የተባለውን ባለ ሁለት ወንበር መኪና፣ በ1997 ደግሞ በፋብሪካ ቁጥሩ 996 ተብሎ የሚታወቀውን አዲሱን 911 ለገበያ አቀረበ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአየር ይቀዘቅዝ የነበረው የ911 ሞተር በዚህ ጊዜ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሆነ። ሁለቱም መኪናዎች በአሠራሩ አንድ ዓይነት የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ተገጠመላቸው።

በዚህ ሞተር ውስጥ ከኮሎው ኃይል እየተቀበለ፣ ቫልቮችን ወደሚከፍቱትና ወደሚዘጉት ዘንጎች በሰንሰለት የሚያስተላልፍ አንድ መካከለኛ ዘንግ አለ። የዘንጉ አንደኛው ጫፍ፣ ማለትም በካምቢዮው በኩል ያለው፣ በአንዲት ትንሽ ኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል። ኩሽኔታዋ በፋብሪካ ግራሶ ተሞልታ የታሸገች ናት። ዕድሜና ሙቀት ማሸጊያውን ሲያደክሙት የሞተሩ ዘይት ወደ ውስጥ ይገባና ግራሶውን አጥቦ ያወጣዋል። ያን ጊዜ ኳሶቹ መበላት ይጀምራሉ፤ ዘንጉም ከቦታው ይወላገዳል። ኩሽኔታዋ ጨርሳ ከተሰበረች ሰንሰለቱ የሚጠብቀው የጊዜ ሥርዓት ይፈርስና ቫልቭና ፒስቶን እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በእጅ መዳፍ የምትያዝ ብረት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሙሉውን ሞተር ከጥቅም ውጭ ታደርጋለች። ብዙውን ጊዜም በሾፌሩ ፊት ያለው ሰሌዳ አስቀድሞ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ኩሽኔታ ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ነበረች። ከ2000 ገደማ ጀምሮ ባለ አንድ ረድፍ በሆነችው ተተካች፤ ብዙ ወሬ የተሰማውም በዚህች ላይ ነው። በኋላ የመጣችው ትልቅና ጠንካራ ብትሆንም፣ ሞተሩ ለሁለት ካልተከፈለ በስተቀር የማትወጣ ሆነች። ከ2009 ሞዴል ጀምሮ ግን ኩባንያው መካከለኛውን ዘንግ ራሱን ከአዲሱ ሞተር አስወግዶታል። በዚያው ዘመን የተሠሩት 911 ቱርቦና ጂቲ 3 ሌላ ዓይነት ሞተር ስለ ነበራቸው ይህ ችግር አይነካቸውም። እንግዲህ ስማቸውና መልካቸው ከሚመሳሰል መኪናዎች መካከል አንዱ ሥጋት ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ጉዳዩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የጋራ ክስ ሆኖ ቀርቦ በ2013 በስምምነት አለቀ። ስምምነቱ የሚመለከተው ከሜይ 4 ቀን 2001 እስከ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2005 የተሠሩትን ቦክስተርና 911 መኪናዎች ሲሆን፣ ካሣውም በመኪናው ዕድሜና በተነዳው ርቀት የተወሰነ ነበር። ያ ጊዜ አልፏል። ዛሬ ከእነዚህ መኪናዎች አንዱን የሚገዛ ሰው ዋስትናው የራሱ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

የታወቀ ጉድለት ዋጋ አለው

ይሁን እንጂ ከእነዚህ መኪናዎች አብዛኞቹ ኩሽኔታቸው ሳትሰበር ብዙ ዓመት አገልግለዋል። ወሬው ግን ጤነኛውንም በሽተኛውንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ዋጋቸውን አወረደው። ነገሩን ከሥሩ የመረመሩ ገዢዎች በዚህ ተጠቀሙ። ኩሽኔታዋ የምትገኘው ከካምቢዮውና ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ስለ ሆነ፣ ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው በሚወርድበት ጊዜ አሮጌዋን አውጥቶ በጠንካራ መተካት ይቻላል፤ ለጉልበት የሚከፈለው ሒሳብም በአብዛኛው ያው ነው። ይህን የሚያውቅ ገዢ የሥራውን ወጪ አስቀድሞ ያሰላና ከሚከፍለው ዋጋ ላይ ያስቀንሳል። ይህን የማያውቀው ሰው ወይ ፈርቶ ጥሩ መኪና ያመልጠዋል፤ ወይም ደፍሮ የተሰበረ ሞተር ይታቀፋል።

የቢ ኤም ደብሊው ኤም 3 ታሪክም ወደዚሁ ያመራል። ከ2000 እስከ 2006 የተመረተው ኤም 3 ባለ 3.2 ሊትር ሞተሩ በደቂቃ ወደ 8,000 ዙር የሚሽከረከር፣ በአውሮፓ ሞዴሉም 343 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተሠሩት መካከል በአንዳንዶቹ የፒስቶን ክንዶችን ከኮሎው ጋር የሚያገናኙት ብሮንዚኖች እየተበሉ ሞተር አበላሹ። ኩባንያው መኪናዎቹን ጠርቶ ብሮንዚኖቹን ቀየረ። ስለዚህ የዚህ መኪና ገዢ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ሞዴል ችግር ነበረበት ወይ?» የሚል ሳይሆን «በዚህኛው ላይ ሥራው ተሠርቷል ወይ? ወረቀቱስ የት አለ?» የሚል መሆን አለበት።

ከሁለቱም ምሳሌ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ስሙ የታወቀ ጉድለት ተመርምሮ፣ ዋጋ ወጥቶለት በሒሳብ መዝገብ ላይ ሊጻፍ ይችላል። ነጋዴን የሚያከስረው ታሪኩ ያልታወቀ ዕቃ ነው።

ጥቂት የተነዳ ሁሉ ጤነኛ አይደለም

ብዙ ገዢዎች አስቀድመው የሚያዩት ኪሎ ሜትሩን ነው። ቁጥሩ አነስተኛ ከሆነ ይደሰታሉ። በፈጣን መኪና ላይ ግን ይህ መለኪያ ብቻውን ያሳስታል። ለዓመታት በጋራዥ ቆሞ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የተነዳ መኪና ጎማው ይደርቃል፤ ማሸጊያዎቹ ይሰነጠቃሉ፤ ዘይቱም እርጥበትና ቆሻሻ ይዞ ይቀመጣል። በአንጻሩ በየጊዜው የተነዳ፣ ዘይቱ በወቅቱ የተቀየረ፣ ከመፈተኑ በፊት ሞተሩ እንዲሞቅ የተደረገ መኪና ቁጥሩ ከፍ ቢልም የተሻለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩ ራሱም ተነካክቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በጥገና ደረሰኞች ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ገዢ ሊያደርገው የሚገባ

ጥንቁቅ ገዢ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሚከተሉትን ይፈጽማል።

አንደኛ፦ የጥገናውን ወረቀት ሁሉ በቅደም ተከተል ይመለከታል። ዘይት መቼ ተቀየረ፣ በየትኛው ጋራዥ፣ የዘይቱ ዓይነት ፋብሪካው ያዘዘው ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከላይ የተጠቀሰው ኤም 3፣ ለምሳሌ፣ 10 ደብሊው 60 የተባለ ዘይት የሚፈልግ ነው። በወረቀቱ መካከል ሁለት ሦስት ዓመት ባዶ ከተገኘ ስለ ባዶው ማብራሪያ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፦ ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ ያስነሣዋል። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከቆየ፣ በሌላ ቀን ማለዳ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሕመም የሚሰማው ሞተሩ በብርድ ሲነሣ ነውና።

ሦስተኛ፦ ሞዴሉን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ከሻጩ ጋር ጥቅም የማያገናኘው መካኒክ ይቀጥራል። መካኒኩ የዘይት ፊልትሮውን ቆርጦ የብረት ብናኝ መኖር አለመኖሩን ይመረምራል፤ ትንሽ ካሜራ አስገብቶም የሲሊንደሩን ግድግዳ ያያል።

አራተኛ፦ የመኪናው ኮምፒዩተር የመዘገበውን ያስነብባል። ሾፌር ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ አገባለሁ ሲል በስሕተት ሁለተኛውን ቢያስገባ፣ ሞተሩ ከተፈቀደው በላይ ይሽከረከራል። ይህን የመሰለውን ስሕተት በብዙዎቹ የዘመኑ ፈጣን መኪናዎች ውስጥ ኮምፒዩተሩ መዝግቦ ያስቀምጠዋል። ሻጩ ቢረሳው እንኳ መዝገቡ አይረሳውም።

አምስተኛ፦ ለግዢ ያዘጋጀውን ገንዘብ ሁሉ ለግዢ አያውለውም። ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆን ደህና ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጣል። ይህን ማስቀመጥ የማይችል ሰው መኪናውን ለመያዝም አቅም የለውም።

ለሻጩም የሚጠቅም ነገር

ይህ ሁሉ የገዢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደረሰኞቹን ያስቀመጠ፣ የተቀየረውን ዕቃ በስም የሚናገር፣ የቀረውን ጉድለት ሳይሸሽግ የሚያሳይ ሻጭ ከጎረቤቱ የተሻለ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። ሸሽጎ የሚሸጥ አንድ ጊዜ ያተርፍ ይሆናል፤ ስሙ ከጠፋ በኋላ ግን ሁለተኛ ገዢ ማግኘት ይቸግረዋል።

ኢትዮጵያ በ2024 (በ2016 ዓ.ም.) በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለች፣ እነዚህን መኪናዎች ለማስመጣት የሚያስብ አስመጪ በዚያ በኩል በሩ ተዘግቶበታል። ትምህርቱ ግን ለኤሌክትሪክ መኪናም ያገለግላል። ባገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ የኩሽኔታዋን ቦታ የያዘው ባትሪው ነው፤ ውድ ነው፤ ከውጭ አይታይም፤ ዕድሜውም ቀድሞ በተያዘበት አኳኋን ይወሰናል። አዲስ ሳለ ይይዘው ከነበረው ኃይል ዛሬ ምን ያህሉን እንደሚይዝ ሳያስለካ የሚገዛ አስመጪ፣ የፖርሼን ሞተር ሳይመረምር ከገዛው ሰው አይለይም።

ድሮ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ከፍቶ ያይ፣ አስሄዶም ይሞክራት ነበር። «በቅሎ ግዙ ግዙ አንድ አሞሌ ላያግዙ» የሚለው ተረትም ከዚያው ገበያ የወጣ ነው። ፈጣን መኪና ግዛ ብሎ የሚገፋፋ ወዳጅ ሞልቷል፤ ሞተሩ የተሰበረ ዕለት ሒሳቡ የሚቀርበው ግን ለገዢው ብቻ ነው። ስለዚህ ወዳጅን ከመስማት በፊት ወረቀቱን ማንበብ፣ መካኒኩንም መጠየቅ ይገባል።