በአጥንት መስማትን መልመድ

የመስሚያ መሣሪያ በተባለ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚያስበው በጆሮ ቀዳዳ ስለሚገባው ወይም በጆሮ ላይ ስለሚንጠለጠለው ትንሽ ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ ለብዙዎች ደኅና አገልግሎት ይሰጣል። ነገር ግን በዚህ መንገድ ሊረዱ የማይችሉ ጆሮዎች አሉ። ከልጅነት ጀምሮ መግል የሚያፈስስ ጆሮ ቀዳዳው በተደፈነ ቍጥር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። የጆሮው ቀዳዳ ሳይከፈት የተወለደ ሰው ደግሞ መሣሪያውን የሚያስገባበት ስፍራ እንኳ የለውም። አንድ ጆሮው ፈጽሞ ጠፍቶ ሁለተኛው ደኅና የሆነለትም አለ። ለእነዚህ ሰዎች ሐኪሞች ሌላ በር አግኝተውላቸዋል፤ በሩም ከጆሮ ጀርባ ያለው የራስ ቅል አጥንት ነው።

አንባቢ ነገሩን ለመረዳት ቢፈልግ ብዙ መድከም አያሻውም። ጥቂት የገብስ ቆሎ አፉ ውስጥ ጨምሮ ሁለት ጆሮዎቹን በጣቶቹ ይድፈንና ያኝክ። የውጭው ድምፅ ሲርቅ የቆሎው ድምፅ ግን እንደ ወፍጮ ሆኖ ይሰማዋል። ይህ ድምፅ በአየር የመጣ አይደለም፤ በመንጋጋና በራስ ቅል አጥንት በኩል እየነዘረ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ተጠቀለለው የውስጥ ጆሮ የደረሰ ነው። የገዛ ድምፁን ተቀርጾ የሰማ ሰው «ይህማ የእኔ ድምፅ አይደለም» የሚለውም ስለዚሁ ነው፤ ሲናገር በአጥንቱ በኩል የሚሰማው ወፍራም ድምፅ በተቀረጸው ውስጥ አይገኝምና።

ይህን መንገድ የቀደሙ ሰዎችም ያውቁት ነበር። የኢጣልያው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ጂሮላሞ ካርዳኖ በ1550 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ በጥርስ መካከል በተያዘ ዘንግ ድምፅ ወደ ጆሮ ሊደርስ እንደሚችል ጽፏል። በ1879 ደግሞ በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ ሪቻርድ ሮድስ የተባለ ሰው በጥርስ የሚያዝ ማራገቢያ መሰል መስሚያ አወጣ። ከዚያ ወዲያ በኤሌክትሪክ እየነዘረ አጥንትን የሚመታ ዕቃ መጣ። ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ በብረት ማሰሪያ ከራስ ጋራ ተጣብቆ ቆዳን ስለሚጫን ራስ ያሳምማል፤ ከዚህም በላይ በመካከል ያለው ቆዳ የድምፁን ኃይል ይቀንሰዋል።

ችግሩን የፈታው ሳይታሰብ የተገኘ ነገር ነው። በ1952 በስዊድን አገር፣ በሉንድ ከተማ፣ ፐር ኢንግቫር ብሮኔማርክ የተባለ ሊቅ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የቲታኒየም ዕቃ አግብቶ የደምን ዝውውር ይመረምር ነበር። ምርመራውን ጨርሶ ዕቃውን ሊያወጣ ቢታገል አጥንቱ ከብረቱ ጋራ ተዋሕዶ አልለቅ አለው። ሌላው ሰው ተናዶ ይተወው የነበረውን ነገር እርሱ ልብ አለው። በ1965 በጎተንበርግ ከተማ በዚሁ ብረት ለሰው ጥርስ ተከለ። በ1977 ደግሞ በዚያው ከተማ የጆሮ ሐኪሙ አንደሽ ሼልስትሮም ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ የቲታኒየሙን ብሎን ከጆሮ ጀርባ ተከለ። ነዛሪውን መሣሪያ በመሥራት የደከመው የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ ቦ ሆካንሶን ነው።

የቀዶ ሕክምናው ነገር ረዥም ወሬ አይፈልግም። ርዝመቱ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን በአጥንቱ ውስጥ ይገባል፤ ከቆዳው ላይ ብቅ የሚል አጭር አንገትም ይኖረዋል። አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዘው ድረስ ጥቂት ሳምንታት ወይም እስከ ሦስት ወር ይጠበቃል። ከዚያ ወዲያ ድምፅ ተቀብሎ የሚነዝረው መሣሪያ በአንገቱ ላይ ጠቅ ብሎ ይገጠማል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ቢላዋው ነው፤ እውነተኛው ሥራ የሚጀመረው ግን መሣሪያው በተገጠመበት ቀን ነው።

በዚያን ቀን ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ተአምር ይጠብቃል። አንዱ ከወዲያ «ይሰማሻል?» ይላል፤ ሌላው ከወዲህ ያጨበጭባል፤ ሬዲዮውም ይከፈታል። እውነቱን ለመናገር ለአዲስ ባለ መሣሪያ ከዚህ የከፋ አቀባበል የለም። ለዓመታት ጸጥታ የለመደ አንጎል በአንድ ጊዜ የውሃውን ቧንቧ፣ የወረቀቱን መንኰሻኰሽ፣ የማቀዝቀዣውን ጕርምርምታ፣ የገዛ እግሩን ኮቴ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ይቀበላል። ጤነኛ ሰው እነዚህን ሁሉ ቢሰማም ልብ አይላቸውም፤ አንጎሉ የሚፈለገውን ከማይፈለገው መለየትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተምሯልና። አዲሱ ባለ መሣሪያ ግን ይህን ትምህርት እንደገና መጀመር አለበት። ሲኒ ከሲኒ ጋራ ሲጋጭ ራሱን የተመታ ያህል ይደነግጣል፤ የልጁ ንግግር ግን ገና የራቀ ይመስለዋል። ብዙ ሰው «ገንዘቤም ድካሜም ከንቱ ቀረ» ብሎ መሣሪያውን ከሣጥን ሊከተው የሚያስበው በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ያን ጊዜ ቢተወው ሊሰማ ሲል ተወው ማለት ነው።

ስለዚህ ልምምዱ ከጸጥታ ቢጀምር ይሻላል። በመጀመሪያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰው ጋራ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጥቂት ሰዓት መነጋገር፤ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ሰው ባለበት፤ ከዚያም በደጅና በመንገድ። ጮክ ብሎ ማንበብ የገዛ ድምፅን ለመልመድ እጅግ ይረዳል፤ በመጀመሪያ ባለ መሣሪያው ድምፁ እንደ ማድጋ ውስጥ ጩኸት ሆኖ ይሰማዋልና። ቡና ተፈልቶ ሰባት ስምንት ጎረቤት በአንድነት የሚጨዋወትበት ስፍራ፣ ይልቁንም የሠርግ ድንኳን፣ ወደ በኋላ የሚቈይ ፈተና ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ከሄደ በአንድ ወር የማይቻል የመሰለው በሦስተኛው ወር ሲቻል ይታያል።

ወደ ባለሙያው ለመመለስም አለማፈር ነው። መሣሪያው የሚስተካከል ነገር ስለ ሆነ በአንድ ቀን ልክ አይመጣም። ሆኖም «ደኅና አይደለም» ብቻ ብሎ የሚናገር ሰው ባለሙያውን አይረዳውም። «የሲኒው ድምፅ ያመኛል፤ ሴት ስትናገር የቃሉ መጨረሻ ይጠፋብኛል፤ ነፋስ ሲነፍስ ሌላ ነገር አልሰማም» ብሎ በደብተር ጽፎ የሚያመጣ ሰው ግን በአንድ ቀጠሮ ብዙ ይጠቀማል።

ቀድሞ ቢታወቅ የሚበጅ አንድ ነገር አለ። የራስ ቅል አንድ አካል በመሆኑ ከአንድ ወገን የገባው ንዝረት በሁለቱም ወገን ወዳለው የውስጥ ጆሮ ይደርሳል። አንድ ጆሮው የጠፋ ሰው የሚጠቀመው በዚሁ ነው፤ በደንቆሮው ወገን የተቀበለው ድምፅ በአጥንቱ ተሻግሮ ደኅናው ጆሮ ዘንድ ይደርሳል። በዚያ ወገን የተቀመጠ እንግዳ ሲናገር ወንበር ማዞር ቀረ ማለት ነው። ነገር ግን ድምፁ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሁለት ጆሮዎች ለየራሳቸው መስማት ስላለባቸው ይህ ችሎታ አይመለስለትም። ስሙን ሲጠሩት ወደ ተሳሳተው ወገን ይዞር ይሆናል፤ ይህስ ቀላል ነው። መንገድ ሲያቋርጥ የመኪና ጥሩንባ ሰምቶ በጆሮው ብቻ አምኖ ቢዘልል ግን አደጋ ነው፤ ግራና ቀኝ በዐይኑ ማየቱን ፈጽሞ መተው የለበትም።

ዕለታዊው ኑሮም የራሱ ነገር አለው። በመሣሪያው ላይ እጅ፣ ባርኔጣ፣ የነጠላ ጫፍ ወይም የትራስ ጠርዝ ሲጠጋ የራሱ ድምፅ ተመልሶ ይገባበትና ያፏጫል። ጕንጭ ለጕንጭ ሦስት አራት ጊዜ በምንሳሳምበት አገር ይህ ፉጨት ብዙ ወዳጆችን ማስደንገጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ዘመድን አስቀድሞ ማስተማር ወይም ሌላውን ጕንጭ ማስቀደም ነው። ስልክም እንደ ቀድሞው ከጆሮ ቀዳዳ ላይ አይደረግም፤ የስልኩ ድምፅ ማውጫ ከጆሮ በስተ ኋላ ወዳለው መሣሪያ ይጠጋል። የሚያይ ሰው ሊስቅ ይችላል፤ ይሣቅ።

በጠጕር ላይ ቅቤ የሚቀቡ እናቶችም መሣሪያውን ሳያወልቁ መቀባት የለባቸውም። ሹሩባ የምትሠራውም ሴት ብሎኑ የት እንዳለ ይነገራት፤ ጠጕሩን ከአንገቱ ጋራ እንዳትጐነጕነው። በመታጠቢያ ጊዜና በመኝታ ጊዜ መሣሪያው ይወልቃል። በአንገቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ ግን በየቀኑ በሳሙናና በውሃ፣ በለስላሳ ብሩሽ መጽዳት ይኖርበታል። ስፍራው ለራስ ዐይን ስለማይታይ ከቤተ ሰብ አንድ ሰው ቢያየው መልካም ነው። ቆዳው ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ቢያዥ ወይም አንገቱን ሊሸፍን ቢያድግ ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል እንጂ ከቤት በተገኘ ቅባት መደለል አይገባም።

ባትሪው እንደ ሸሚዝ ቍልፍ ያነሰ ነው። የተለጠፈበት ወረቀት ከተነሣ በኋላ አየር ስለሚገባው ባይሠራበትም እንኳ ኃይሉ እያለቀ ይሄዳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሁሉንም መላጥ ኪሳራ ነው። ሕፃን ቢውጠው ጉሮሮውን ሊያቃጥል ስለሚችል ከልጆች እጅ ይራቅ። በውጭ አገር አስተክለው የሚመለሱ ወገኖቻችንም ከመነሣታቸው በፊት ባትሪው ከየት እንደሚገኝና መሣሪያው ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ጠይቀው ቢመጡ ከብዙ ጭንቀት ይድናሉ። ዋጋው ውድ ነውና በባትሪ እጦት ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ያስቈጫል።

ለመሆኑ ሳይተከል በፊት መሞከር አይቻልምን? ይቻላል። መሣሪያው በጨርቅ መታጠቂያ ራስ ላይ ታስሮ ወይም በጥርስ በሚነከስ ትንሽ ዘንግ ተይዞ ይሞከራል፤ የካርዳኖ ዘንግ እስከ ዛሬ ከሥራ አልወጣም። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የራስ ቅላቸው ገና ቀጭን ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ብሎን አይተከልም፤ በመታጠቂያው ይቈያሉ። ሁለቱም የጆሮ ቀዳዳዎቹ ተዘግተው ለተወለደ ሕፃን መታጠቂያው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢደረግለት ቋንቋ የመማሪያው ዕድሜ አያመልጠውም። የውስጥ ጆሯቸው በሁለቱም ወገን እጅግ ለተጐዳ ሰዎች ግን ይህ መሣሪያ አይጠቅምም፤ የእነርሱ መድኃኒት ሌላ ነው።

ወደ ቤተ ሰቡ ልመለስ። ለዓመታት ጮኾ መናገር የለመደ ቤት አሁን መሣሪያ ላለው ሰው መጮኹን ካልተወ ያሳምመዋል። ደግሞም ሰውየው ራሱ ሳይሰማ «እሺ፣ እሺ» እያለ ራሱን መነቅነቅ ለምዶ ነበርና፣ አሁን «ምን አልክ?» ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት ያስፈልገዋል። በእርሱ ፈንታ መልስ የምትሰጠው ሚስት ወይም ልጅ ዝም ማለትን ይማሩ። አይሰማም ተብሎ በፊቱ ሲታማ የኖረ ሰው የሚያስደንቅ ወሬ መስማቱም አይቀርም፤ በዚህ በኩል መሣሪያው ለጎረቤት ሁሉ ምቹ አይደለም።

ወደ ማታ «ደከመኝ» ብሎ ቢያወልቀው ስንፍና አይምሰላችሁ። ቀኑን ሙሉ ቃል ከጩኸት ሲለይ የዋለ አንጎል እንደ ሠራተኛ ይደክማል። ካወለቀው በኋላ ግን እንደ ቀድሞው አይሰማም። ስለዚህ ሌሊት ሕፃን ቢያለቅስ፣ በር ቢንኳኳ ወይም የጭስ ሽታ ቢመጣ መጥቶ አልጋውን የሚነቀንቀው ማን እንደ ሆነ በመጀመሪያው ማታ በቤቱ ውስጥ ተነጋግሮ መወሰን ያስፈልጋል።