አምባዛ ለችኩል አይነክስም

እሁድ እሁድ ሩዋንዳ አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን መቁጠር የሰለቸው እኔ ብቻ አይመስለኝም። ማኪያቶው ያው፣ ወሬው ያው፣ ሂሳብ ሲመጣ ኪስ መዳበሱም ያው! ባለፈው ጥር ታዲያ አንዱ ጓደኛችን «ለምን ዝዋይ ወርደን ዓሣ አናጠምድም?» ሲል አራታችንም በአንድ አፍ «እንሂድ!» አልን። ስማችንን ልተወውና ታሪካችንን ላውጋችሁ። ብዙ የሳቅንበት፣ አንድ ጓደኛችንንም ልናጣ ለጥቂት የተረፍንበት ጉዞ ነው።

ከአዲስ አበባ ባቱ ከተማ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የድሮ ስሟ ዝዋይ ነው፤ ብዙዎቻችን ዛሬም የምንጠራት በዚያው ነው። ዓላማችን ቆሮሶ አልነበረም። ቆሮሶን ማን ያወራለታል? እኛ የፈለግነው አምባዛን ነው፤ ጢማሙን፣ ቅርፊት የሌለውን፣ ሲያድግ ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝመውን! ፎቶ ተነስተን ሰፈር ልንጎርርበት።

የመጀመሪያው ቀን፦ ሩጫ

ቀትር ላይ ደረስንና ባለ ሞተር ጀልባ ተከራየን። አንዱ ጓደኛችን ፊልም ላይ እንዳየው ማንኪያ የመሰለ የሚያብረቀርቅ ብረት ከክር ጋር አስሮ ከኋላ እየጎተተ ሐይቁን በሞተር ሰነጠቅነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ያገኘነው ምን መሰላችሁ? ሁለት እቅፍ የውሃ ሣርና አንድ የተቀደደ መረብ።

ዳር ስንደርስ መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ቀና ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ ዓሣውን እያጠመዳችሁት ነው ወይስ እያሳደዳችሁት?» አሉን። አፈርን። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ይዘውን እንዲወጡ ለመንናቸው፤ እሺ አሉ።

ሁለተኛው ቀን፦ ዝግታ

«ጋሼ፣ ብረቱ ምን ጎደለው?» አልኳቸው ጀልባዋ ላይ። ውሃውን በእጃቸው ዘገኑና አሳዩኝ። ደፍርሷል። «በዚህ ውስጥ ማን ያብረቀርቅለታል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አምባዛ ዓይኑ ትንሽ ነው፤ ምግቡን የሚያገኘው በሽታና በስምንቱ ጢሞቹ እየዳሰሰ ነው። በብዛት የሚንቀሳቀሰውም በጨለማ ስለሆነ ጥሩው ሰዓት ማታና ማለዳ ነው።

ሞተር የሚባል ነገር የለም። በመቅዘፊያ፣ ሰው ሲንሸራሸር ከሚሄደው ባነሰ ፍጥነት፣ የፊላውን ዳር ይዘን ሄድን። ክሩን ከጀልባዋ ኋላ 20 ሜትር ያህል ለቀቅነው። ትንሽ እርሳስ መንጠቆውን ወደ ታች ይስበዋል፤ ከላይ የታሰረው ቡሽ ደግሞ ጭቃ ውስጥ እንዳይቀበር ይይዘዋል። ስለዚህ ምግቡ ከሐይቁ ወለል አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ሽታውን እየተወ ይጎተታል። ቀጥ ብለንም አልሄድንም፤ እንደ እባብ እየተጠማዘዝን ነው። ጀልባዋ ስትታጠፍ ምግቡ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ አምባዛም ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ያኔ ነው።

መንጠቆው ላይ ምን ይሰካ?

እኔ ከሰፈሬ ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ ጉበት ይዤ ነበር። ሽማግሌው አዩትና ፈገግ አሉ። ጉበት ሽታው ጥሩ ነው፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ ሲጎተት ከመንጠቆው ይወልቃል። የግድ ከሆነ በልብስ ስፌት ክር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። የዶሮ አንጀት ይሻላል፤ ጠንካራ ነው፣ ይሸታልም። የመሬት ትል ቆሞ ለሚጠብቅ እንጂ ለሚጎትት አይሆንም፤ ትንንሾቹ ዓሦች ይቀራመቱታል። ከሁሉም በላይ ግን እዚያው ሐይቅ ውስጥ ያለው ቆሮሶ ነው። ከነቆዳው በጣት ስፋት ቆርጣችሁ በአንድ ጫፉ ብቻ ብትሰኩት፣ ውሃ ውስጥ እንደ ጅራት እየተወዛወዘ ይከተላችኋል።

ሲነክስስ? ክሩ ሲነካካ ወዲያው መሳብ ክልክል! መጀመሪያ ይቀምሳል። ክሩ መሮጥ ሲጀምር ያኔ ረጋ ብላችሁ አጥብቁት። ከወጣም በኋላ ተጠንቀቁ፤ በደረቱ ግራና ቀኝ ባሉት ክንፎች ላይ መጋዝ የመሰለ እሾህ አለው። ከውሃ ወጣ ብላችሁም ሞተ አትበሉ፤ ከአየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ለረጅም ሰዓት በሕይወት ይቆያል።

«አንድ ዙር ብቻ!»

ረፋዱ ላይ ሁለት አምባዛ ይዘን ነበር። ሽማግሌው ሰማዩን አዩና «ይበቃል፣ ነፋሱ ሳይነሳ እንውጣ» አሉ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጠዋት እንደ መስታወት ይተኛሉ፤ ቀኑ ሲሞቅ ግን ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባ ይገለብጣል። እኛ ግን ቀምሰናል! «ጋሼ፣ በሞቴ፣ አንድ ዙር ብቻ!» አልን። ከሁሉም የባስኩት እኔ ነበርኩ።

በዚያች አንድ ዙር ውስጥ ነፋሱ ተነሳ። በዚያው ቅጽበት የአንዱ ጓደኛችን ክር ሮጠ። ከደስታው ብዛት ብድግ ብሎ ቆመ፤ ጀልባዋ ዘመም አለች፣ እሱም ቧ! ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ። ዋና አይችልም። ተንሳፋፊ ሰደሪያው የት ነበር ብትሉኝ፣ ሲቀመጥ እንዳይቆረቁረው ከሥሩ አንጥፎት ነበር።

ዝዋይ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ዋና ለማይችል ሰው ግን 2.5 ሜትርም ውቅያኖስ ነው። እኔ ልዘል ስነሳ ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ወደ ታች ጫኑኝና በሌላው መቅዘፊያውን ዘረጉለት። «ያዝ! አትታገል!» አሉት። ያዘ። ሦስታችን በአንድ ወገን ብንረባረብ ሁላችንም እንገለበጥ ስለነበር፣ በጀልባዋ ጀርባ በኩል አዙረው ቀስ ብለው ጎተቱት። እስኪወጣ ያለፈው ጊዜ ምናልባት አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ለእኔ ግን ክረምት ሙሉ ነበር። እናቱን ምን እላት ነበር?

እስከ ዳር ድረስ ማንም አልተናገረም። አምባዛው ክሩን በጥሶ ሄደ። ይሂድ!

ለእናንተ

የምትሄዱ ካላችሁ ይህን ያዙ። ሰደሪያው ከሥራችሁ ሳይሆን ደረታችሁ ላይ ይሁን። ዓሣ ሲነክስ ተቀምጣችሁ ሳቡ። የሐይቁን ሰው ምክር ስሙ፤ «ይበቃል» ሲል ይበቃል። ጉማሬ ባያችሁበት አካባቢ አትጠጉ። በባዶ እግር ዳር ዳሩን አትንቦጫረቁ፤ ዝዋይ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ዓሣ የራሱ ሕግ እንዳለውም አትርሱ፤ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶለታል፤ ስለዚህ ስለ ፈቃዱ የአካባቢውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ አምባዛ ሊራባ ወደ ዳር ይወጣልና ተዉት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። በኩራት አምባዛዬን ተሸክሜ ቤት ስገባ እናቴ አንዴ አየችውና «ቅርፊት የሌለው ዓሣ ድስቴ ውስጥ አይገባም!» ብላ በሩ ላይ አስቆመችኝ። ኦሪት ዘሌዋውያንን ጠቅሳ! አምባዛን የማይበሉ ብዙ ቤቶች አሉና ለሰው ስጦታ ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ። የእኔው ዓሣ ጎረቤት ሄዶ ጉላሽ ሆነ።

ጓደኛችን አሁን ዋና እየተማረ ነው። ባለፈው እሁድ ካፌ ተገናኝተን ሂሳብ ሲመጣ እንደ ልማዴ «ቶሎ እንሂድ» ስል፣ ሳቅ ብሎ «አንድ ዙር ብቻ!» አለኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም።